ሐረጎን ያላዩት ሾፌር

የጋሽ እንድሪስን ሞት የሰማሁት ለአንድ የሚኒባስ ሾፌር የፍሬን ሸራ እየሸጥኩ ነው። የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ለፋፊ ሱቄ በር ላይ ቆመና፣ «ሾፌር እንድሪስ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ቀብር ከዙሁር ሶላት በኋላ!» ብሎ አለፈ። የሚኒባሱ ሾፌር ወሬውን አልሰማም፤ ዕቃውን እያገላበጠ «ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ» አለኝ። ቀነስኩለት። ደሴ ሸዋበር ላይ የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ደንበኛ ሳይለምን፣ ሳይምል፣ ተቆጥቶ ወጥቶ ሳይመለስ ቀንሼ አላውቅም። ያን ቀን በመጀመሪያው ቃል ስቀንስለት ሰውየው ደንግጦ ዕቃውን ወደ ብርሃን ወስዶ አየው፤ የተሰነጠቀ መስሎት።

ከዚያ በፊት ሳልለመን የቀነስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም የቀነስኩት ከራሴ አይደለም፣ ከጋሽ እንድሪስ ነው።

ቀብሩ ላይ ሰዉ እየመጣ እጄን ይጨብጠኛል። «ለጋሽ እንድሪስ እንዳንተ የሆነላቸው የለም፣ አበራ» ይለኛል። «ዋስ ሆንክላቸው፣ ሽምግልና ቆምክላቸው፣ ምኑ ቀረ!» እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። አንገት መነቅነቅ ምን ያቅታል። ግን እያንዳንዱ ምስጋና ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ነበር፤ እቤቴ ስደርስ እያነከስኩ የደረስኩ መሰለኝ።

ስለ እሳቸው የምጽፈው ደግ ነበሩ ለማለት አይደለም። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል፤ ያን ለለቅሶ ቤት እንተወው። ጋሽ እንድሪስ የማይረሱኝ በሌላ ነገር ነው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ነድተዋል። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ አንገታቸው ከትከሻቸው ጋር የተበየደ የሚመስል ሰው ነበሩ። ከጎን ስትጠራቸው ፊታቸውን አያዞሩም፤ እንደ አውቶቡስ ሙሉ ገላቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪ ሆነው ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ይረግጣሉ። አንድ ጊዜ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ሴትዮ፣ «አባባ፣ ወንበሬን ለምን ይመቱታል?» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ባልረግጥ ይኼ ልጅ ገደል ይከተን ነበር» ብለዋት አረፉ። ሾፌሩ በመስታወት ሰርቆ አያቸውና ቀስ አለ።

«ሾፌር ሁለት ነገር አያይም» ይሉ ነበር። «ያለፈበትን አገርና የራሱን ማጅራት።»

ሾፌርነቱን ያስተዋቸው የስኳር በሽታ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ሱቄ ደጃፍ የዘይት ጀሪካን ላይ ይቀመጣሉ። መኪና የላቸውም፤ ግን «የፍሬን ዘይት እንዴት ሰነበተ?» ብለው ይጠይቁኛል፣ ሰው የታመመ ዘመዱን እንደሚጠይቀው።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጠው ሳለ ዓይናቸው መደርደሪያዬ ላይ አረፈ። በማጣሪያና በቀበቶ መካከል አንድ ድሮን ነበረኝ። የሰርግ ፎቶ ያነሳ የነበረ ጎረቤቴ ሥራ ሲቀይር ሽጥልኝ ብሎ ያስቀመጠው ነው። ጠያቂ አልነበረውም። በጦርነቱ ያለፈ አገር ድሮን የሚለውን ቃል ሲሰማ ዕቃ አይታየውም፣ ሰማይ ነው የሚታየው።

«ያ ባለ አራት ክንፉ ምንድነው?»

«ድሮን ነው፣ ጋሼ።»

«አዑዙ ቢላህ!» ብለው ጀሪካናቸውን ከነራሳቸው ወደ ኋላ ገፉ። ወዲያው ግን፣ «ካሜራ አለው?» አሉኝ።

«አለው እንጂ።»

«ሐረጎን ያሳያል?»

«ሐረጎን? ጋሽ እንድሪስ፣ ጅዳን ቢሉት ያሳይዎታል።»

«ውሸትህን ቀንስና ዕቃውን አውርደው።»

ሐረጎን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ተራራ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በአንድ ወገን ገደል እያለ ይወርዳል። ጋሽ እንድሪስ ስንት ጊዜ እንደወረዱት እሳቸውም አያውቁም። ድሮኑን ጭናቸው ላይ አድርገው የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ተሳፋሪው በመስኮት እያየ ‹ማሻ አላህ፣ እንዴት ያምራል!› ይላል። ከኋላዬ ሁሌ እሰማለሁ። እኔ የማየው የፊተኛውን መኪና ጀርባ ነው። አንድ ጊዜ እንኳን ዞር ብዬ አላየሁም፤ ብዞር ያ ሁሉ ነፍስ አለ። ሐረጎን ከሰው ሁሉ አብዝቼ የወረድኩት እኔ ነኝ፤ ከሰው ሁሉ አሳንሼ ያየሁትም እኔ ነኝ።»

«አሁን በሚኒባስ ሄደው በመስኮት አይመለከቱም ታዲያ?»

«እግሬ እምቢ ይላል። እግሬ ሲረግጥ ዓይኔ ፊት ለፊት ይሄዳል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐኪሙ ስኳሩ ዓይንህ ላይ ወጥቷል አለኝ። ቀስ እያለ ይደበዝዛል። የምታየውን አሁን እይ፣ አለኝ። እኔ ደግሞ አስቤ አስቤ፣ ማየት የምፈልገው ሌላ ነገር አጣሁ። ልጆቼን አይቻለሁ። መካ ልሂድ ብል አቅሙ የለም። ያን መንገድ ከላይ አንድ ጊዜ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ አሞራ ልየውና ከዚያ ይጨልም።»

የፈለጉት ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለጉም፤ ይኼን ልብ በሉልኝ።

ድሮኑን ገዙኝ፤ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ቢሮ እንደዞሩ አይነገርም። አንዱ ጋ አብሬያቸው ነበርኩ። ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ወጣት፣ «ምን ሊያደርግልዎ ነው?» አላቸው።

«ልይበት።»

«ምን ሊያዩ?»

«መንገድ።»

«መንገዱ እኮ የታወቀ ነው፣ አባቴ።»

«ለአንተ ነው የታወቀው» አሉት።

በመጨረሻ ተፈቀደላቸው፤ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ርቀው፣ በተነገራቸው ቀን ብቻ። ወረቀቱን በላስቲክ አስለብጠው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ሚስታቸው እትዬ ከድጃ፣ «ሰውየው ክታብ ጀመረ» ብላ ሳቀችባቸው።

ጦሳ ተራራ ሥር አንድ ሜዳ ላይ ነው ማብረር የተማሩት። እኔ ረዳታቸው ነበርኩ። ከማስነሳታቸው በፊት እንደ አውቶቡስ ይዞሩታል፤ ጎንበስ ብለው ሆዱን ያያሉ፣ ክንፎቹን በጣት ይነካሉ፣ «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ከዚያ ይነሳል። ሲወርድ እኔ መሬቱን እያየሁ፣ «ይምጡ፣ ጋሼ፣ ይምጡ... ትንሽ ወደ ግራ ቢያደርጉት...» እላለሁ።

«ረዳት አንቱ አይልም!» ይጮሁብኛል። «አንቱ ብለህ ሳትጨርስ ዛፍ እንመታለን። ና ና ና በል!»

እኔም አፍሬ አፍሬ፣ እኚያን ትልቅ ሰው፣ «ና! ና! ና! ቁም!» እላቸዋለሁ። እንደዚያ ቀን የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አንድ ጊዜ ቁራ መጥቶ ድሮኑን ሲዞረው አውራ ጣታቸው መቆጣጠሪያው ላይ አንድ ነገር ፈለገ። «ይኼ ነገር ክላክስ የለውም እንዴ?» አሉኝ። የምራቸውን ነው።

ሐረጎ ላይ ያስነሳንበት ቀን ሰማዩ የጠራ ነበር። ማስታወቂያ አስቀድሞ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሕጉ ያለውን ሁሉ አድርገናል። ከላይኛው ኩርባ ዳር ቆመን ድሮኑ ወደ ታች ወረደ። ካሜራው ያየውን የሚያሳየውን ስልክ እኔ ይዣለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ አጎንብሰው ያያሉ። የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። ሁለተኛው መጣ። ጋሽ እንድሪስ ወደ ስልኩ ይበልጥ አጎነበሱ። «ወላሂ...» አሉ።

ከመንገዱ ሥር ጥቂት ቤቶች አሉ፣ ካሮትና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ስትሮጥ አየሁ።

«አየች! አየች! ደስ ብሏት ትሮጣለች!» ብዬ ሳቅኩ።

ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም። «ደስ ያለው ሰው የልጅ አንገት ደፍቶ አይሮጥም» አሉና ወዲያው ድሮኑን መለሱት። ገና ከማረፉ ከታች ኡኡታው ደረሰን።

ሴትዮዋ ዘምዘም ትባላለች። ካሮት ስታጥብ ድምፁን ሰማች፤ በጦርነቱ ጊዜ የለመደችው ድምፅ መሰላት፤ ልጆቿን ይዛ መስኖ ቦይ ውስጥ ገባች። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እሷ ግን ክንዷ ተሰበረ። የቀበሌ ሰሌዳ ማን ያነባል? እኛ ለመንግሥት ነግረናል፤ ለዘምዘም አልነገርናትም።

ሆስፒታል ያደረሷት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሲመለሱ ሱቄ ገብተው ጀሪካኑን ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔን ማየት አማረኝ» አሉ። «እሷን መታየት አስፈራት። አየህ፣ ይኼን ሳላስብ ነው የተነሳሁት። ዕድሜ ልኬን ኩርባ ላይ ክላክስ ሳላደርግ አልፌ አላውቅም፤ እዚህ ስደርስ ዝም ብዬ ሰው ላይ መጣሁ።»

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ያልቃል። በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ሽማግሌ «አውርድ» እስኪለው አይናገርም። የሚናገርለት ዋሱ ነው። ዋስ ማለት «ይኼ ሰው ዳግመኛ አይበድልም፣ ቢበድል እኔን ጠይቁኝ» የሚል ሰው ነው። ጋሽ እንድሪስ ዋስ ሁነኝ አሉኝ። እሺ አልኩ።

አንድ ነገር ግን አለ። ከሽምግልናው በፊት ባለው ቀን አንድ ፖሊስ ሱቄ መጥቶ፣ «ጋሽ እንድሪስ ድሮኑን ከማን ነው የገዙት?» ብሎ ጠይቆኝ ሄዷል። ሌላ ምንም አላለም። ነጋዴ ግን ፖሊስ «ደህና ዋልክ» ቢለውም ሥጋቱ ያድርበታል። ወደ ሽምግልናው ስሄድ በልቤ የያዝኩት ዕርቁን ብቻ አልነበረም፤ ያ ዕቃ ዳግመኛ ሰማይ ላይ እንዳይታይና ስሜ እንዳይነሳ ነበር።

እነ ዘምዘም መንደር፣ መስጊዱ አጥር ሥር ተቀመጥን። አንድ ሼህና አንድ ቄስ ከመሃል፣ ዘምዘም ክንዷን ታስራ ከጎን፣ ጋሽ እንድሪስ ፊት ለፊት። ድንጋዩን ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ትልቅ ነበር። ቄሱ እንኳን፣ «ኧረ አያ እንድሪስ፣ ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ?» ብለው ነበር። ማንም አልሳቀም።

ሼሁ ወደ ዘምዘም ዞሩ። «ልጄ፣ ምን ይደረግልሽ?»

ዘምዘም መሬቱን እያየች ዝም አለች። ገበያ ላይ ያደገ ሰው ይኼን ዝምታ ያውቀዋል። ደንበኛ ዝም ሲል መጀመሪያ የተናገረ ይከስራል። ይኼን ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ! ያን ቀን ግን መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

«አባቶቼ» አልኩ፣ ተነስቼ፤ «እኔ ዋስ ነኝ። ይኼ ዕቃ ዳግመኛ ከመሬት አይነሳም። እኔው ሱቅ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ቃሌ ነው!»

ዘምዘም የምትለው ነገር ነበራት። እኔ አልሰማሁም። ማለቴ፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«ማሻ አላህ!» አሉ ሼሁ። «ዋስ ማለት እንዲህ ነው!» ቄሱም መረቁኝ፤ ዘርህ ይባረክ፣ ሱቅህ ይሙላ። ምርቃቱ ሲያልቅ ነው ድንጋዩን ያወረዱላቸው። ጋሽ እንድሪስ ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቷል። ሙሉ ገላቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩና አዩኝ። «አላህ ይስጥህ» አሉኝ። 

ድሮኑ ሱቄ ገባ። ጋሽ እንድሪስ በየሳምንቱ እየመጡ ባትሪውን ቻርጅ ያደርጋሉ። «ባትሪ እንደ ላም ነው፤ ካልታለበ ይታመማል» ይሉኛል። አልጠየቁኝም፤ አንድም ቀን «ላንሳው» አላሉኝም። እኔም ይኼን አይቼ፣ «ሰውየው ረሱት፣ እንዲያውም ተገላገሉ» አልኩ ለራሴ። ለራስ መሸጥ ቀላል ነው፤ ገዥው አይከራከርም።

ዓይናቸው ግን አልጠበቀንም። አንድ ጠዋት ሱቅ ገብተው ግድግዳዬ ላይ ካለው የሞተር ዘይት ማስታወቂያ ጋር ሰላም ተባባሉ። ፖስተሩ ላይ የሚስቅ ሰው አለ። «እንዴት አደርክ አበራ» አሉት። እኔ ከጀርባቸው ነኝ። ስስል ተሳስተው እንደነበር ገባቸው። «ምን ላድርግ» አሉ፣ ሳይደነግጡ፤ «ከአንተ እሱ የተሻለ ፈገግታ አለው።»

ሳቅን። ከዚያ በኋላ መምጣቱን እየቀነሱ ሄዱ። ባትሪውን እኔ ቻርጅ ላደርገው ነበር። ዛሬ ነገ ስል ረሳሁት።

ብዙ ወራት ካለፈ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ዘምዘም ሱቄ መጣች። ክንዷ ድኗል፤ ካሮቷን ሸጣ ባዶ ማዳበሪያዋን አጥፋ ትከሻዋ ላይ ጥላለች። እኔ ለሌላ ክስ የመጣች መስሎኝ ተነስቼ ቆምኩ።

«አያ እንድሪስ ምነው ጠፉ?» አለችኝ። «ታመሙ እንዴ? ልጆቼ ሰማዩን ሲያዩ ይውላሉ።»

«ምን ሲያዩ?»

«ያን ነገር ነዋ። መቼ ነው የሚመጣው እያሉ።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የተጣላሽበት?»

«እኔ?» ማዳበሪያውን ከትከሻዋ አወረደች። «እኔ ሲመጡ ይንገሩኝ ነው ያልኩት። አውቄው ከመጣ ምን ያስፈራኛል? ልጆቼን ይዤ እቀመጥና አየዋለሁ። ይኼን ስናገር የአንተ ጩኸት ዋጠው። በሬ ስጠኝ ያለህ ሳይኖር ከነቀንበሩ ሸለምክ። ያውም የሰው በሬ!»

ሱቅ ውስጥ የነበሩ ደንበኞች ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መስያለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቼ ወደ ጋሽ እንድሪስ ቤት ወጣሁ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ድምፄን ሲሰሙ ዝም አሰኙት። ዘምዘም ያለችኝን ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር፤ አልደነገጡም።

«ሰምተው ነበር እንዴ ያኔ?»

«ጆሮዬ ደህና ነው። የታመመው ዓይኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ጋሼ?»

«ድንጋይ ተሸክሜ ምን ልበል?»

«ካወረዱልዎ በኋላስ?»

«ካወረዱልኝ በኋላ አገሩ ሁሉ አንተን እየመረቀ ነው።» እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ፈለጉና ያዙት። «እኔ በድዬ ዋስ አጥቼ አንተ ቆምክልኝ። የቆመልኝን ሰው በሽማግሌ ፊት ‹ይኼ ያልተባለውን አለ› ብዬ ላዋርደው? አይሆንም። ዋስ አይዋረድም።»

መሬቱ ቢከፈት ያን ጊዜ እገባ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ልላቸው ፈልጌ፣ ከአፌ የወጣው ስለ ፖሊሱ ነው፤ ፈርቼ ነው፣ ሱቄ ነው፣ ልጆቼ ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ፍሬን ጥሩ ነገር ነው፣ አበራ» አሉኝ። «ግን በሰው መኪና፣ ከተሳፋሪ ወንበር አይያዝም።» ከዚያ እኔን እንደ ማጽናናት፣ «እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ተሳፋሪ ሆኜ ስረግጥ ነው የኖርኩት፤ በምን አፌ እቆጣሃለሁ» አሉና ሳቁ።

ሼሁና ቄሱ ዘንድ ሄጄ ቃሌን አስፈታሁ። ቀላል ነበር፤ ዘምዘም ራሷ አብራኝ ቆማ ነገረቻቸው። ፈቃዱ እንደገና እስኪታደስ ግን ጊዜ ሄደ። ሐረጎ ስንደርስ የጋሽ እንድሪስ ዓይን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው።

ያን ቀን ማስታወቂያ አልለጠፍንም አይደለም፣ ለጠፍን። ግን ዘምዘም ደግሞ ከዋዜማው ጀምራ ቤት ለቤት ዞራ ነግራለች። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተቀምጧል፤ ሕፃናቱ ገና ሳይነሳ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እሷ ወደ ላይ ወጥታ ከእኛ ጋር ቆመች። ጋሽ እንድሪስ ድሮኑን በእጃቸው ዳብሰው ዞሩት፣ ቢስሚላህ ብለው አስነሱት። መቆጣጠሪያውን እንደ መሪ ያዙ፣ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

«እይልኝ» አሉ።

አየሁላቸው። «መንገድ አለ። አንድ የጭነት መኪና አለ። ባሕር ዛፍ አለ። ኩርባ አለ...»

«አበራ፣ ደረሰኝ ነው እንዴ የምታነብልኝ?»

እንደገና ሞከርኩ። እመኑኝ፣ ድንጋይ ብትሰጡኝ ስለ ድንጋዩ እስኪመሽ አውርቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ምላሴ ደረቀ። ያ ሁሉ ተራራ ከእጄ መዳፍ ላይ ተዘርግቷል፤ እኔ የሚታየኝ የእሳቸው ፊት ነው፣ ወደ ባዶ ቀና ብሎ የሚጠብቅ።

ዘምዘም ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አያ እንድሪስ» አለች፤ «መንገዱ መቀነት ነው። ደክሟት የመጣች ሴት ፈትታ ተራራው ላይ የወረወረችው መቀነት። እንዲህ ዞሮ፣ እንዲህ ተጣጥፎ፣ ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።»

«መቀነት!» አሉ። «እኔ እባብ ነው ስል!» ጣታቸው መሪው ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። «ከሁለተኛው ቀጥሎ ያለችው ኩርባስ? ጠባቧ? አንድ ክረምት ፍሬን እምቢ ያለኝ እዚያ ነው።»

«እሷ ጋ...» ዘምዘም ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች። «እሷ ጋ ሴቶች ድንጋዩ ላይ ልብስ አስጥተዋል። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ የሕፃን ነገር አለ።»

«ልብስ!» ጋሽ እንድሪስ መሳቅ ጀመሩ። «እኔን ከነ ተሳፋሪዬ ልትውጠኝ የነበረች ኩርባ! እነሱ ልብስ ያሰጡባታል! ያ ረቢ!» እየሳቁ እንባቸው ወረደ፤ እጃቸው ከመሪው ስለማይለቅ አልጠረጉትም። ዘምዘም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። «ቀጥይ፣ ልጄ፣ ቀጥይ።»

ቀጠለች። ገና ከመንገዱ እኩሌታ እንደ ደረሰ ስልኩ ይጮህ ጀመር።

«ምንድነው?» አሉ።

«ባትሪው ነው» አልኩ።

«እንዲህ ቶሎ አያልቅም ነበር።»

 ያ ባትሪ ያን ያህል ወር እኔ ሱቅ፣ እኔ መደርደሪያ ላይ፣ ሳይታለብ የተቀመጠ ላም ነው። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ድሮኑን መልሰው አሳረፉትና ሙሉ ገላቸውን ይዘው ወደ ቁልቁለቱ ዞሩ፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን፣ ያልታየውን ወገን የሚያዩ ይመስል።

«የታችኛው ቀረ» አሉ።

«አዲስ ባትሪ አስመጣለሁ፣ ጋሼ። እንመለሳለን።»

«ኢንሻ አላህ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ፈለግሁ፤ ብሰማ ይቀለኝ ነበር። አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት አዲስ አበባ ደውዬ አዘዝኩ። ዛሬ ተጫነ፣ ነገ ተጫነ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ላኪው ረሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ራሴ ለደንበኛዬ የምሰጠው ምክንያት ሁሉ ለእኔ ተሰጠኝ። በዚህ መካከል ነው የቅሬው ለፋፊ ሱቄ በር ላይ የቆመው።

ባትሪው የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። እትዬ ከድጃ ድሮኑንም ወደ እኔ ላከችው፤ «እኔ ምን አደርገዋለሁ፣ አንተ ታውቅበታለህ» ብላ። መደርደሪያ ላይ አላስቀመጥኩትም፤ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይጠየቃል። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ባትሪውን በየሳምንቱ ቻርጅ አደርገዋለሁ።

ባለፈው አንድ ፎቶ አንሺ ወጣት መሳቢያው ተከፍቶ አየውና፣ «ጋሼ፣ ይኼን ሽጡልኝ» አለኝ።

«የሚሸጥ አይደለም። የሰው ነው» አልኩት።

«ሰውየው መቼ ይወስደዋል?» አለኝ።

ባትሪውን ከመሳቢያው አውጥቼ ቻርጅ ላይ ሰካሁት።